የክሩዝ መርከብ ወደብ ላይ በሚቆምበት ቀን የልጅነት ዘመድን ለማግኘት፦ የቺቪታቬኪያና የሮም መመሪያ

በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከሚመላለሱት የክሩዝ መርከቦች ብዙዎቹ በጉዟቸው መካከል አንድ ቀን ቺቪታቬኪያ ላይ ይቆማሉ። ይህች ከተማ የሮም ወደብ ተብላ ትጠራለች እንጂ ከሮም ከተማ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት ሮም ደርሰው፣ ገሚሶቹ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ሲያልፉ ገሚሶቹ እዚያው በቤት ሠራተኝነትና አረጋውያንን በመጦር ሥራ ኑሮ መሥርተው ቀርተዋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ያደጉ የእኅትማማች ልጆች ዛሬ አንዷ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ሮም ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የመርከብ ትኬት የቆረጠ ሰውም የማረፊያዎቹን ዝርዝር ሲያነብ «እገሊት እኮ እዚያ ናት» ማለቱ አይቀርም።

ይህ መመሪያ ያንን ሐሳብ ከግብ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በወደብ ቀን ሰዓቱ የመርከቡ ስለሆነ፣ በመንገድና በጉብኝት የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከዘመድ ጋር ተቀምጠው ከሚጫወቱበት ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ሁሉ ይህን የመጫወቻ ጊዜ ለማትረፍ የታሰቡ ናቸው። ምሳሌው ቺቪታቬኪያ ይሁን እንጂ፣ ስለ ሰነድ፣ ስለ ሰዓትና ስለ መርዶ የተጻፈው በግሪክ ወደብ በፒሬየስም ሆነ በእንግሊዝ ወደብ በሳውዝሃምፕተን ለሚገናኝ ቤተ ዘመድ ያገለግላል።

1. ዘመድዎን ያፈላልጉ፣ ፈቃዳቸውንም ይጠይቁ

አድራሻ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከቤተ ዘመዱ ትልልቅ ሰዎች ነው። የሰርጉንም የለቅሶውንም ወሬ ለሁሉም የምታደርስ አንዲት አክስት ወይም ታላቅ እኅት በየቤተሰቡ አትጠፋምና በመጀመሪያ ለእርሷ ይደውሉ። ከእርሷ ካልተገኘ ሮም ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት በኩል፣ ወይም በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚያዘወትር ወዳጅ ካለዎት በእርሱ በኩል ያስጠይቁ።

በፌስቡክና በመሳሰሉት ስም ሲፈልጉ፣ የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አጻጻፍ እንደሌለው ያስቡ፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ሰዎች በበርካታ ዓይነት ፊደላት ይጽፉታል። በውጭ አገር ሰነድ ላይ ደግሞ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ይመዘገባል። እርስዎ የሚያውቁት በልጅነት የተጠሩበትን የቤት ስም ብቻ ከሆነ፣ በመታወቂያ ላይ የሰፈረውን ስም ከትልልቆቹ ጠይቀው ይያዙ። በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ላይ ዱካው የጠፋ ዘመድ ከሆነ ደግሞ፣ ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት ነጻ አገልግሎት ስላለው በሚኖሩበት አገር ባለው የቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ማመልከት ይቻላል። ፍለጋው ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ግን ከመርከቡ ትኬት ብዙ ቀድሞ መጀመር አለበት።

አድራሻው በእጅዎ ሲገባ በቀጥታ አይደውሉ። ለረጅም ጊዜ ድምፁን ያጠፋ ሰው የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልተጨረሰ፣ በሰው ቤት አድሮ የሚሠራ፣ ወይም ኑሮው እንዳሰበው ባለመሆኑ በዘመድ ፊት መቅረብ የከበደው ሰው ብዙ ነው። ሁለታችሁንም በሚያውቅ ሰው በኩል «በዚህ ቀን በዚያ አልፋለሁ፤ ቢመችዎት ለማየት እጓጓለሁ» የሚል መልእክት ይላኩና መልሱን በትዕግሥት ይጠብቁ። ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በአደባባይ ለጥፎ ማፈላለግን እኔ ፈጽሞ አልመክርም።

2. ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ይስማሙ

መርከብ አንድ ቀን ብቻ ስለሚቆም፣ በሌላ ጊዜ በይቅርታ የሚታለፍ የአቆጣጠር ስሕተት እዚህ ላይ ሁሉንም ነገር ያበላሻል። «ሐምሌ 10» ያሉት ቀን ለእርስዎ ጁላይ 10፣ ለአክስትዎ ግን ጁላይ 17 ሊሆን ይችላል፤ ጁላይ 10 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 3 ነውና። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ «ሦስት ሰዓት ላይ» ሲባል አንዱ ጠዋት 9፡00፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ 15፡00 ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ የሳምንቱን ቀን፣ የአውሮፓውን ቀንና የእኛን ቀን ሦስቱንም አንድ ላይ ጽፈው ይላኩ፤ ሰዓቱንም «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በጣሊያን ሰዓት 9፡00» ብለው ይግለጹ። ዘመድዎ መልሰው በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩዎት ያድርጉ። ከዚህ በኋላ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት ሰዓታት ሁሉ በጣሊያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሳምንቱ ቀን የሚጠቅመው ለሌላም ምክንያት ነው። በጣሊያን በሰው ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ የዕረፍት ጊዜ መሆናቸው የቆየ ልማድ ነው። መርከብዎ ማክሰኞ የሚደርስ ከሆነ ዘመድዎ ከአሠሪያቸው ፈቃድ መጠየቅ፣ አረጋዊ የሚጦሩም ከሆነ ተተኪ ሰው መፈለግ ይኖርባቸዋል። ይህ ለእርስዎ ቀላል ቢመስልም ለእርሳቸው የቀን ደመወዝና የአሠሪ ፊት ጉዳይ ነው። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያሳውቋቸው፤ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ እርስዎ እንደሚችሉም ሳያሳፍሩ፣ በጨዋ ቃል አስቀድመው ይንገሩ።

የጾሙን ወቅትም ይመልከቱ። የክሩዝ ጉዞ የሚበዛው በበጋቸው ስለሆነ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ጋር ይገጥማል። ረቡዕና ዓርብም አሉ።

3. የጉዞ ሰነድዎን ከትኬቱ በፊት ይመርምሩ

የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ወደ ሼንገን አገሮች፣ ማለትም ጣሊያንን ጨምሮ በአንድ የጋራ ቪዛ ወደሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ያለ ቪዛ ይገባል። የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ይዞ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ «መርከብ ላይ ነው የማድረው» ማለት አያድንም። ብዙ ሰዎች ችግሩ ወደቡ ላይ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ቪዛ የሌለው ሰው የሚመለሰው ገና ከመነሻው፣ መርከቡ ወደሚነሣበት ወደ ባርሴሎና ወይም ወደ አቴንስ ለመብረር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲሰለፍ ነው።

መርከቡ በመካከል ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሞንቴኔግሮ ጎራ የሚል ከሆነ ከሼንገን ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ፣ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ቆንስላ ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይሆናል። ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ወይም ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ማመልከት አይቻልም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙ ሰዎች እያንዳንዱን ማረፊያ ለየብቻው ማጣራት አለባቸው።

4. የመገናኛውን ቦታ ይምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የመጀመሪያው ሐሳብ «እኔ ሮም ድረስ እሄዳለሁ» የሚል ነው፤ እንግዳው እኔ ነኝ፣ ቤታቸውን ልርገጥ ከሚል መልካም ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን ሰዓቱን እንቁጠር። መርከቡ 7፡00 ላይ ወደብ ይደርሳል ተብሎ ቢጻፍም፣ ባለሥልጣናት መርከቡን ፈትሸው ሰው እንዲወርድ እስኪፈቅዱና ሰልፉ እስኪቀልል 8፡30 መሆኑ አይቀርም። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ መንገደኞች በነጻ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው የአገልግሎት ሥፍራ ይወሰዳሉ። ከዚያ ባቡር ጣቢያው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ አውቶቡስም አለ። ባቡር ጠብቀው ሲሳፈሩ 9፡45 ይሆናል፤ ተርሚኒ እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ዘመድዎ ሰፈር ደግሞ ሜትሮ ወይም አውቶቡስ አለ። መርከቡ 18፡30 ላይ የሚነሣ ከሆነ መንገደኛው ሁሉ 18፡00 ላይ መርከቡ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ 17፡00 ላይ ወደቡ ላይ ለመሆን ከሮም 15፡00 ላይ ይነሣል። ከአሥር ሰዓት በላይ የሚመስለው ቀን ሮም ላይ አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ዘመድዎ ወደ ቺቪታቬኪያ ቢመጡ ግን ከ9፡30 እስከ 17፡00 ድረስ አብራችሁ ትውላላችሁ። የአንድ ሰዓቱን የባቡር መንገድ የሚሄዱት ቋንቋውንና ጣቢያውን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ ባቡር ቢዘገይም የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት እንጂ መርከብ አይደለም። በጣሊያን የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ፣ ሾፔሮ የሚሉት፣ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በአድማ ቀንም ቢሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት የሥራ ቀናት ከ6፡00 እስከ 9፡00 እና ከ18፡00 እስከ 21፡00 ባለው ጊዜ የተወሰኑ የክልል ባቡሮች እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳል። ዘመድዎ በማለዳ መጥተው ከ18፡00 በኋላ ቢመለሱ አድማውም ያን ያህል አይጎዳቸውም፤ እርስዎ ግን ከሮም ወደ መርከቡ የሚመለሱበት 15፡00 ዋስትና ከሌለው ሰዓት ላይ ይወድቃል። በእኔ እምነት ዘመድዎ መራመድ የሚችሉ ከሆኑ ወደ ወደቡ መምጣታቸው ይሻላል፤ ይህንንም በስልክ ሲያስረዱ «አብረን የምንቆይበት ሰዓት በእጥፍ ይጨምራል» ብለው ይጀምሩ እንጂ «እኔ መምጣት አልችልም» ብለው አይጀምሩ።

መርከቡ ላይ እንጋብዝዎት የሚለውን ሐሳብ ግን ይተዉት። በመርከቡ የመንገደኞች ዝርዝር ላይ የሌለ እንግዳ ወደ ላይ አይወጣም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የመርከቦችና የወደቦች ደኅንነት ደንብም ተሳፋሪ ያልሆነ ሰው መርከቡ ወደታሰረበት ሥፍራ እንዳይጠጋ ይከለክላል። ስለዚህ «መርከቡ ጋ እንገናኝ» ማለት በአጥሩ በሁለት ወገን መጠባበቅ ይሆናል። የተሻለው ቦታ የቺቪታቬኪያ ባቡር ጣቢያ መውጫ በር ነው፦ መቀመጫም ጥላም ቡና ቤትም አለው፣ አንድ ብቻ ስለሆነም አያሳስትም። ከጣቢያው እስከ ወደቡ ድረስ በባሕሩ ዳር የተዘረጋው ቪያሌ ጋሪባልዲ የሚባለው ጎዳና ለመቀመጥና ለመንሸራሸር የተመቸ ነው፤ ጫፉ ላይ ወደቡን የሚጠብቀው የሚኬላንጄሎ ምሽግ ይታያል። ጸጥታ የሚፈልጉ ከሆነ በባቡር አንድ ጣቢያ ብቻ ወደ ሮም አቅጣጫ ሄደው ሳንታ ማሪኔላ በምትባለው ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ መዋል ይቻላል።

5. ማን ምን እንደተነገረው አጣርተው ይሂዱ

ከባቡሩም ከትኬቱም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ሆኖ ነው የሚረዳው። በዚህ ምክንያት በሰው ቤት አድራ የምትሠራ፣ በዙሪያዋም ሰው የሌላት ሴት የወንድሟ ሞት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ሳይነገራት ሊቆይ ይችላል። እርስዎ ደግሞ በሌላ አገር ሆነው ሐዘኑን ተቀምጠው ጨርሰዋልና፣ «ነፍሱን ይማረውና» የምትል አንዲት ቃል ከአፍዎ ብታመልጥ ጣቢያው በር ላይ መርዶ ነጋሪ ሆነው ያርፋሉ።

ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አገር ቤት ላሉት ትልልቆች ደውለው፣ ከተለያዩ ወዲህ ያረፉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ «ይህን ሰምተዋል? ማን ነገራቸው?» ብለው ይጠይቁ። ያልተነገረ መርዶ ከተገኘ፣ ሮም ያሉ ወዳጆቻቸው ወይም ካህን እርስዎ ከመድረስዎ ከሳምንታት በፊት በወጉ እንዲያረዷቸው ከትልልቆቹ ጋር ይምከሩ። እንዲህ ከሆነ የእርስዎ መምጣት ማጽናኛ ይሆናል። በዚያው በወደቡ ቀን ማርዳት ግን ጭካኔ ነው፤ እርስዎ ማታ ወደ መርከብዎ ሲመለሱ፣ እርሳቸው ትኩስ ሐዘን ይዘው ብቻቸውን ወደ ሰው ቤት ይገባሉ። ትልልቆቹ «ጊዜው ገና ነው» ካሉ ውሳኔያቸውን ያክብሩ፤ በስልክዎ ውስጥ ያሉትን የቀብር፣ የሰልስትና የሙት ዓመት ፎቶግራፎች በሌላ ማኅደር ያስቀምጡ፤ አብረውዎት ለሚጓዙት ልጆችም አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጆች የሚሳሳቱት ስለማያውቁ ነው። ስለዚያ ሰው በቀጥታ ከተጠየቁ ደኅና ነው እያሉ ታሪክ አይፍጠሩ፤ «ከእገሊት ጋር ደውለሽ ተነጋገሪ፣ እኔ በቅርብ አላገኘኋቸውም» ብሎ ወደ ትልልቆቹ መምራት ኋላ ለቅሬታ አይዳርግም።

መርዶው ቀደም ብሎ የታወቀ ቢሆንም እንኳ፣ ከሞቱ ወዲህ ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዶች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚመጣው ለቅሶ ነው። ለዚህ ጊዜም ቦታም ይተዉለት። ባቡር ጣቢያ በር ላይ ተቃቅፎ ማልቀስ ያለ ነው፤ ከዚያ ግን ቀጥታ ወደ ምግብ ቤት ገብቶ ሰው መሐል መቀመጥ ሁለቱንም ያፍናቸዋል። በባሕሩ ዳር ራቅ ያለ መቀመጫ ፈልጎ የመጀመሪያውን ሰዓት እዚያ ማሳለፍ ይሻላል።

6. ምን ይዘው እንደሚወርዱ ያዘጋጁ

የመርከቡን ካርድ፣ ፓስፖርትዎን፣ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ በየቀኑ የሚታደለውን የመርከቡን ፕሮግራም፣ ጥቂት ዩሮ በጥሬውና ኃይል የሞላ ስልክ ይያዙ። በፕሮግራሙ ላይ የመርከቡ የወደብ ወኪል ስልክ ቁጥር ይገኛልና ገጹን ፎቶ አንሥተው ለዘመድዎም ይላኩላቸው። አንዳንድ መርከቦች የመንገደኞችን ፓስፖርት በእንግዳ መቀበያው ይይዛሉ፤ እንዲህ ከሆነ ቅጂውና ሌላ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይበቃል።

ለዘመድዎ የሚሆነውን ስጦታ ከቤትዎ ሲነሡ ያስቡበት። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣና ማንኛውም የሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና በደንብ ታሽገው ከሆነ ይሻላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በወረቀት የታተመ የድሮ ፎቶግራፍ ነው። አብራችሁ ያደጋችሁበት ግቢ፣ የጥምቀት ቀን፣ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሳችሁበት ፎቶ ካለ በሁለት ቅጂ አሳትመው አንዱን ይስጡ፤ በስደት ያለፈ ሰው የልጅነት ፎቶግራፎቹን ይዞ የመውጣት ዕድል እምብዛም አልነበረውም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዘመድዎ እንጀራና ወጥ በአገልግል ይዤ ልምጣ ማለታቸው አይቀርም፤ ይፍቀዱላቸው፣ ማስተናገድ ይፈልጋሉና። የበሰለ ምግብ ወደ መርከብ ማስገባት ስለማይፈቀድ ግን የመጣው ሁሉ እዚያው መበላት እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩ፤ አለዚያ ለመንገድ ተብሎ የተሠራው ዶሮ ወጥ በፍተሻው በር ላይ ይቀራል። ታሽጎ የሚቆይ ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ ዳቦ ቆሎ፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

7. በዕለቱ የሚሆነው

ዘመድዎ ከቤታቸው የሚወጡት መርከቡ መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የአየር ጠባይ ሲከፋ መርከብ ማረፊያውን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ማሪን ትራፊክ በመሳሰሉ ድረ ገጾች የመርከቡን ስም ጽፎ የት እንዳለ ማየት ስለሚቻል፣ ሮም ያለ የሚያውቅ ወጣት በማለዳ እንዲያይላቸው ያድርጉ። መርከቡ 7፡00 ላይ ታስሮ ዘመድዎ 8፡00 አካባቢ ከሮም ቢሳፈሩ፣ እርስዎ ጣቢያው ስትደርሱ እርሳቸውም ይደርሳሉ።

መርከቡ ላይ ያለው የስልክ አገልግሎት በሳተላይት ስለሆነ በጣም ውድ ነው፤ ስልክዎን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርገው ወደ መሬት ሲወርዱ ብቻ ይክፈቱት። የእጅ ሰዓትዎን ከመርከቡ ሰዓት ጋር ያስተካክሉ፤ የመመለሻው ሰዓት የሚቆጠረው በመርከቡ ሰዓት ነው። ስልኩ እንቢ ቢል እንኳ ቀኑ እንዳይበላሽ፣ «እስከ 11፡00 በጣቢያው በር እንጠባበቃለን፤ ከዚያ ምሽጉ ሥር» የሚል ሁለተኛ ቀጠሮ አስቀድመው ይኑራችሁ።

ባለቤትዎና ልጆችዎ አብረው ካሉ ለእነርሱም ሐሳብ ያስፈልጋል። ልጆቹ እጅ ነሥተው፣ ተስመውና ተመርቀው፣ አብረው ምሳ ከበሉ በኋላ ወደ ባሕሩ ወይም ወደ ከተማው እንዲሄዱ ቢደረግ ሁለቱ አብሮ አደጎች ሳይጨነቁ ይጫወታሉ። የአንድ ሰፈር ልጆች ጨዋታ በአስተርጓሚ አይሆንም።

በጨዋታው መካከል፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ። የአያት የቅድመ አያቶችን ስም እስከ ሰባት ቤት፣ የትውልድ መንደሩን፣ ማን ከማን እንደሚወለድ ያስቆጥሯቸው፤ ከስደት ወዲህ የተወለዱት ልጆች ይህን ከማን እንደሚሰሙ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለ ስደቱ መንገድ ግን እርስዎ አይጠይቁ፤ እርሳቸው ከጀመሩ ያዳምጡ።

8. ወደ ሮም መግባት ግድ ከሆነ

ዘመድዎ በዕድሜ የገፉ ወይም የታመሙ ከሆኑ መሄድዎ ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ እስከ ተርሚኒ ከመጓዝ ቀደም ብሎ በሚገኘው በሳን ፒዬትሮ ጣቢያ መውረድ ሰዓት ያተርፋል፤ የሚቀበልዎት ሰውም እዚያ ይጠብቅዎት። ተርሚኒ ላይ ከሆነ የበሩን ስም በትክክል ይያዙ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ ሰው የሚጠፋፋበት ሰፊ አደባባይ ነው። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ ነውና፣ አደባባዩ ላይ ቆሞ ዘመድ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ከድሮ ጀምሮ ሮም የኖሩ ትልልቅ ሰዎች «ሐውልቱ ጋ» ብለው ከቀጠሩዎት፣ የሚሉት የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ቆሞበት የነበረውን የፖርታ ካፔናን አደባባይ ሊሆን ይችላል። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ስለተመለሰ ዛሬ ቦታው ላይ ፈልገው አያገኙትም፤ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ አጠገብ ብለው ይያዙት።

መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን፣ እስከ ሮም አድርሶ የሚመልስ ያለ አስጎብኚ አውቶቡስ ማየት ተገቢ ነው። ከባቡር ይወደዳል፤ ነገር ግን አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ መንገድ የሄደን ሰው ግን አይጠብቅም። በባቡር የሚሄዱ ከሆነ የወረቀት ትኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት አይርሱ፤ ሳይመታ ከተገኘ ቅጣት አለው።

9. መመለስና መርከቡ ቢያመልጥ

መሰነባበቻውን በሰዓት ይገድቡ። ለመነሣት ከወሰኑበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው «እንግዲህ ምርቃት ይሁን» ብለው ይጀምሩ፤ እኛ ዘንድ ስንብት በአንድ ቃል አያልቅም። ዘመድዎ እስከ ላርጎ ዴላ ፓቼ ሊሸኙዎት ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ የመርከብ መንገደኞችን ብቻ ይወስዳል።

መርከቡ ቢያመልጥዎ ወዲያውኑ ለወደብ ወኪሉ ይደውሉ። ብዙ መርከቦች የቀረ መንገደኛ እንዳለ ሲያውቁ ከክፍሉ ፓስፖርቱን አውጥተው ለወኪሉ ትተው ይሄዳሉ። ወደሚቀጥለው ወደብ የሚደርሱት ግን በራስዎ ወጪ ነው፤ ስለዚህ የጉዞ መድን ሲገዙ ይህን የሚሸፍን መሆኑን ያንብቡ። ዘመድዎም በእኔ ምክንያት ነው ብለው እንዳያዝኑ በዚያው ሰዓት ያረጋጓቸው።

10. ከተመለሱ በኋላ

ማታውኑ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ የተነገሩትን ስሞች በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የድምፅ ቅጂውንም በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ዘመድዎ ሮም በሰላም መድረሳቸውን ይጠይቁ። አገር ቤት ላሉት ትልልቆች ሲደውሉ በአውሮፓውያኑ በጋ ኢትዮጵያ ከጣሊያን አንድ ሰዓት እንደምትቀድም ያስታውሱና እንዳይመሽባቸው ይጠንቀቁ። ጤናቸውን፣ ኑሯቸውን፣ የላኩትን ሰላምታ በየስሙ ያድርሱ፤ በምስጢር የነገሩዎትን ግን ለራስዎ ይያዙ። አብራችሁ የተነሣችሁትን ፎቶግራፍ ለሌላ ሰው ከመላክዎ ወይም ከመለጠፍዎ በፊት እርሳቸውን ያስፈቅዱ፤ ያልተነገረ መርዶ ካለም ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሚሆን ከትልልቆቹ ጋር በዚያው ስልክ ተነጋግረው ይጨርሱ።